ሃሪ ብሪርሊ፤ ከጠመንጃ አፈሙዝ ምርምር የተገኘው የማይዝግ አረብ ብረት

በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በወተት ፋብሪካ ታንክና በየቤቱ ማዕድ ላይ የሚታየው የማይዝግ አረብ ብረት ከምን ፍለጋ እንደተወለደ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። ፍለጋው ለዝገት መድኃኒት ለማግኘት አልነበረም። የጠመንጃ አፈሙዝ ከውስጥ በኩል እየተበላ ስላስቸገረ መላ እንዲፈልግ የተጠየቀ አንድ የሼፊልድ ከተማ የብረት ኬሚስት፣ የተላከበትን ጉዳይ ሳያገኝ ያልተላከበትን ይዞ ተመለሰ። ይህ ሰው ሃሪ ብሪርሊ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሪርሊ የተወለደው ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1871 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ሲሆን፣ ወላጆቹ ካፈሯቸው ዘጠኝ ልጆች ስምንተኛው ነበር። ቤተሰቡ ድኃ ነበር። አባቱ አረብ ብረት አቅላጭ ነበር። በዚያ ዘመን በሼፊልድ ምርጡ አረብ ብረት የሚቀልጠው ከሸክላ በተሠራ ማሰሮ ውስጥ ነው። ከ25 እስከ 30 ኪሎ የሚመዝን የቀለጠ ብረት የያዘውን ማሰሮ ጉልበተኛ ሰው እግሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ከእቶኑ አፍ ላይ ቆሞ በጉጠት እያነሣ ያወጣዋል። ብረቱ መድረሱን የሚለየው የአቅላጩ ዓይን እንጂ መሣሪያ አልነበረም። ብሪርሊ ይህን ሥራ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያይ ስላደገ፣ በኋላ የላቦራቶሪ ሹም ከሆነም በኋላ ቢሆን የእጅ ባለሙያውን ዕውቀት ንቆ አያውቅም። ስለ አረብ ብረት የጻፋቸው መጻሕፍት ከሌሎች የሚለዩትም በዚህ ይመስላል።

ትምህርት ቤት የቆየው እስከ 12 ዓመት ዕድሜው ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ አባቱ በሚሠራበት በቶማስ ፈርዝና ልጆቹ ፋብሪካ በእቶኑ ሥር ባለው ምድር ቤት ተላላኪ ሆኖ ገባ። ጥቂት ቆይቶም በዚያው ፋብሪካ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ውስጥ ጠርሙስ አጣቢ ሆነ። የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠው ይህ ዝቅተኛ ሥራ ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጄምስ ቴይለር ልጁን ሒሳብ እንዲማር ገፋፋው፤ ከዚህም ሌላ እንጨት መሥራትን፣ ብየዳንና የመሳሰሉትን የእጅ ሥራዎች እንዲለማመድ አደረገው። ብሪርሊ ቀን እየሠራ ማታ ማታ እየተማረ የብረት ትንተና ባለሙያ ለመሆን በቃ። በ1895 ሄለን ክራንክን አገባ። ከፍሬድ ኢቦትሰን ጋር ሆኖ ስለ አረብ ብረት ፋብሪካ ዕቃዎች ኬሚካዊ ትንተና የጻፈው መጽሐፍ በ1902 ሲታተም ዕድሜው 31 ነበር። የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ሳይረግጥ ለባለሙያዎች ማስተማሪያ የሚሆን መጽሐፍ ማቅረቡ በዚያ ዘመን እንኳ የተለመደ አልነበረም።

በ1904 ፈርዝ በሩሲያ ግዛት በሪጋ ከተማ ወደነበረው ሳላማንደር ወደተባለው ፋብሪካ ኬሚስት አድርጎ ላከው። በዚያ የቆየባቸው ሦስት ዓመታት ብጥብጥ የበዛባቸው ነበሩ፤ የ1905ቱ አብዮት የተነሣው እርሱ እዚያው ሳለ ነው። ለሙያው ግን መልካም ትምህርት ቤት ሆኑለት። የማጠንከሪያ ምድጃዎቹን ሙቀት የሚለካ አስተማማኝ መሣሪያ በእጁ ስላልነበረ፣ የሚቀልጡበት ሙቀት አስቀድሞ የታወቀ የጨው ድብልቆችን እያዘጋጀ በምድጃው ውስጥ ማስቀመጥና ጨው መቅለጡን አይቶ ሙቀቱን መወሰን ጀመረ። አረብ ብረት በጥቂት ዲግሪ ልዩነት ጠባዩን እንደሚለውጥ፣ ጥሩ ብረትም በተሳሳተ ሙቀት ከገባ መጥፎ ብረት እንደሚባል በሚገባ የተረዳው በሪጋ ነው። ይህ ዕውቀት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለሚመጣው ጉዳይ ወሳኝ ሆኖ ተገኘ።

በ1907 ወደ ሼፊልድ ተመልሶ ጆን ብራውንና ፈርዝ የተባሉት ሁለት ኩባንያዎች በጋራ ያቋቋሙትን የምርምር ላቦራቶሪ እንዲመራ ተሾመ። በ1912 ደግሞ የጠመንጃው ጉዳይ መጣ። ብሪርሊ በዚያው ዓመት በሜይ ወር በኤንፊልድ ወደሚገኘው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሄዶ ችግሩን በቦታው ተመለከተ።

ችግሩ በትክክል ምን እንደነበረ መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ታሪኩን የሚተርኩ ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። አፈሙዙን ያስቸገረው ዝገት ሳይሆን መበላት ነው። ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚግል የባሩድ ጋዝ፣ ወደ 3,000 የከባቢ አየር ግፊት በሚጠጋ ኃይል በአፈሙዙ መነሻ በኩል ይወረወራል። የብረቱ ገጽ በሴኮንድ ጥቂት ሺኛ ውስጥ ግሎ ወዲያው ይቀዘቅዛል፤ እየጠነከረ ይሰነጣጠቃል፤ ከስንጥቁም ጋዙ እየላሰ ይወስደዋል። በአፈሙዙ ውስጥ ጥይቱን የሚያሽከረክሩት ጠመዝማዛ ቦዮች ሲደመሰሱ ጥይቱ አቅጣጫውን ይስታል፤ ጠመንጃውም ለጦርነት የማይበቃ ይሆናል። ብሪርሊ እንዲህ ያለውን ጥቃት ክሮሚየም የበዛበት አረብ ብረት ሊቋቋመው ይችል ይሆናል ብሎ አሰበ። በወቅቱ ክሮሚየም በአነስተኛ መጠን ለመሣሪያ ብረት መግባቱ የታወቀ ነበር። እርሱ ግን ከመቶ 6 እስከ 15 የሚደርስ ክሮሚየም፣ ከተለያየ የካርቦን መጠን ጋር እያዛነቀ ለመሞከር ተነሣ።

በሸክላ ማሰሮ የተደረጉት የመጀመሪያ ሙከራዎች አልተሳኩም። ከዚያ ወደ ኤሌክትሪክ እቶን ተሻገረ፤ ኦገስት 13 ቀን 1913 የቀለጠው ብረትም ጥሩ ሆኖ ወጣ። ከመቶ 12.8 ክሮሚየምና ከመቶ 0.24 ካርቦን ነበረበት። ከዚህ ብረት አፈሙዝ ተሠርቶ ተሞከረ፤ ግን የተጠበቀው ውጤት አልተገኘበትም። ዛሬ ባለው ዕውቀት ሲታይ ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። እንዲህ ያለው አረብ ብረት ሙቀት የሚያስተላልፈው ከተራው የካርቦን ብረት ግማሽ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የባሩዱ ሙቀት ወደ ውስጥ በቶሎ ሳይሰርግ ከገጹ ላይ ይከማቻል። በአንድ በኩል የሚሰጠውን ጥቅም በሌላ በኩል ይወስደዋል ማለት ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ፋይሉን ዘግቶ ወደሚቀጥለው ሥራ ባለፈ ነበር። የብረቱን የውስጥ አቀማመጥ በማይክሮስኮፕ ለማየት ግን ገጹ አስቀድሞ በአልኮል በተበረዘ ናይትሪክ አሲድ መበላት አለበት፤ ይህ የየዕለት ሥራ ነው። የብሪርሊ አዲስ ብረት አሲዱን እምቢ አለ። በአሲድ አልነካ ያለውን ብረት በአቼቶና በሎሚ ጭማቂ ሞከረው፤ በዚያም አልተበላም። ይበልጥ የሚያስደንቀው ሌላው ግኝቱ ነው። ያው ብረት ግሎ ወዲያው ቀዝቅዞ ሲጠነክር አሲዱን በሚገባ ይቋቋማል፤ ቀስ ብሎ ቀዝቅዞ ሲለዝብ ግን የመቋቋም ኃይሉ ይቀንሳል። ነገሩ እንዲህ ነው። ክሮሚየም ከአየር ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ የብረቱን ገጽ በጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ባለው፣ በዓይን በማይታይ ሽፋን ይለብጠዋል። ብረቱ ሲለዝብ ክሮሚየሙ ከፊሉ ከካርቦን ጋር ተጣብቆ ስለሚታሰር ለሽፋኑ የሚተርፈው ያንሳል። የሽፋኑ ምስጢር በሚገባ የተብራራው በኋላ ቢሆንም፣ ብሪርሊ አጠንካሪው ሙቀት የማይዝግነቱ መሠረት መሆኑን በሥራ አረጋግጦ ነበር። ከቁርጥራጭ ብረት ክምር መካከል አንድ ሳይዝግ የቀረ አብረቅራቂ ቁራጭ አገኘ እየተባለ የሚነገረው ተረት ለጨዋታ የሚያምር ቢሆንም፣ የላቦራቶሪው ታሪክ ከዚያ የበለጠ ቁም ነገር አለው።

የክሮሚየምን ነገር አስቀድሞ የነካካ ሰው አልነበረም ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው ፒየር ቤርቲየ በ1821 የብረትና የክሮሚየም ድብልቅ አሲድ እንደሚቋቋም ተመልክቷል። የሼፊልዱ ሰር ሮበርት ሃድፊልድ በ1892 የክሮሚየም ብረትን መርምሮ ነበር፤ ነገር ግን የመረመረው በጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ብቻ ስለሆነ ክሮሚየም የመቋቋም ኃይልን ይቀንሳል የሚል የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። አንድ ያልተስማማ የምርመራ ዘዴ ሃያ ዓመት ያህል መንገድ ዘጋ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጀርመን አገር ደግሞ በክሩፕ ፋብሪካ ቤኖ ሽትራውስና ኤድዋርድ ማውረር ክሮሚየምና ኒኬል ያለበትን ብረት በ1912 ለፓተንት አቅርበዋል። ስለዚህ ብሪርሊ የማይዝግ ብረት ብቸኛ ፈጣሪ ነው የሚለው አነጋገር አያስኬድም። የእርሱ ድርሻ ሌላ ነው፤ በላቦራቶሪ ያየውን ጠባይ ለምን ሥራ እንደሚውል ወዲያው አስተውሎ፣ እምቢ በሚሉት ሰዎች መካከል እስከ ገበያው ድረስ ተሟግቶ ማድረሱ ነው።

ሼፊልድ የቢላዋ ከተማ ናት። የዚያን ዘመን የማዕድ ቢላዋ ሎሚ ወይም አቼቶ ሲነካው ይጠቁራል፤ በተጠቀሙበት ቁጥር በዱቄት ካልተፈተገ ይዝጋል። ብሪርሊ አዲሱ ብረት ለዚህ እንደሚስማማ ለአሠሪዎቹ ቢያመለክትም ጆሮ የሰጠው አልነበረም። በመጨረሻ ናሙናው ለሁለት ቢላዋ ሠሪዎች ተላከ። የመጣው መልስ አሳዛኝ ነበር፤ ብረቱ አይቀጠቀጥም፣ አይጠነክርም፣ አይሳልም ተባለ። እንዲያውም የማይቆርጥ ቢላዋ የሚሠራው ሰው እየተባለ ይቀለድበት ጀመር።

ስሕተቱ የብረቱ አልነበረም። አንጥረኞቹ አዲሱን ብረት ያስተናገዱት እንደ ለመዱት የካርቦን ብረት አድርገው ነው። የካርቦን ብረት ከ760 እስከ 800 ዲግሪ ግድም ግሎ ውኃ ሲነከር ይጠነክራል። የክሮሚየሙ ብረት ግን በዚህ ሙቀት አይጠነክርም፤ ክሮሚየምና ካርቦን የተጣበቁባቸው እህሎች የሚሟሙት ወደ 950 እና 1,000 ዲግሪ ሲደርስ ነው። በዚህ ላይ፣ ሲቀጠቀጥ ከተራው ብረት ይበልጥ ይገዳደራል፤ ተቀጥቅጦ በአየር ላይ ብቻ ቢቀመጥ እንኳ በራሱ ስለሚጠነክር ሳይለዝብ ሞረድ አይነካውም። በሪጋ በጨው ሙቀት ይለካ ለነበረው ሰው ይህ ግልጽ ነበር፤ ዘመናቸውን ሁሉ በእሳቱ ቀለም ሲፈርዱ ለኖሩት ባለሙያዎች ግን የአያት የቅድመ አያት ዕውቀታቸውን የሚያፈርስ ነገር ነበር።

መፍትሔው የመጣው በ1914 ከአንድ ሌላ ባለሙያ ነው። በአር. ኤፍ. ሞዝሊ የቢላዋ ፋብሪካ የሚሠራው ኧርነስት ስቱዋርት እንዲህ ያለ ብረት መኖሩን ባያምንም ለመሞከር ፈቃደኛ ሆነ። የመጀመሪያው ሙከራ ቢላዋ ቢያስገኝም የመቅረጫ መሣሪያዎቹን አደነዘዘ። የሁለተኛው ቢላዎች ከመጠን በላይ ደርቀው የሚሰበሩ ሆኑ። በሦስተኛው ብሪርሊ ራሱ በቦታው ተገኘ፤ ስለ ቢላዋ አሠራር ብዙ ባያውቅም ስለ ሙቀቱ ያውቃልና ደርዘን የሚሆኑ ጥሩ ቢላዎች ወጡ። ብሪርሊ ብረቱን የሚጠራው የማይዝግ እያለ ነበር። በአቼቶ ነክሮ የሞከረው ስቱዋርት ግን እድፍ የማይዘው የሚል ትርጉም ያለውን ስቴንለስ የተባለውን ስም ሰጠው፤ ዓለም የሚያውቀውም በዚህ ስም ነው።

ብረቱ መሸጥ እንደጀመረ የባለቤትነት ጥያቄ ተነሣ። ኩባንያው ግኝቱ የራሱ ሀብት ነው አለ። ብሪርሊ በበኩሉ የታዘዘው ለአፈሙዝ እንጂ ለቢላዋ አልነበረምና፣ ማንም ሳይሰማው በራሱ ጥረት ያወጣው ነገር ቢያንስ ስሙ እንዲጠራበትና ድርሻ እንዲኖረው ይገባል ባይ ነበር። ደመወዝተኛ ባለሙያ ሥራው ካፈራው ነገር ምን ያህሉ የእርሱ ነው የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬም በየአገሩ ክርክር የሚያስነሣ ነው። ብሪርሊ በ1915 ላቦራቶሪውን ለቆ ብራውን ቤይሊ ወደተባለው ፋብሪካ የሥራ አስኪያጅ ሆኖ ተዛወረ። በእንግሊዝ አገር ለግኝቱ ፓተንት ሳይወጣለት ቀረ። በዚህ ጊዜ ጆን ማዶክስ የሚባል በዕድሜ የገፋ ሰው ከለንደን መጥቶ በአሜሪካ ፓተንት ለማውጣት እንዲተባበሩ ሐሳብ አቀረበለት። ማመልከቻው በማርች 1915 ገብቶ ፓተንቱ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1916 ተሰጠ።

በአሜሪካም ተቀናቃኝ አልጠፋም። በኢንዲያና ግዛት የኮኮሞ ነዋሪ የሆነው ኤልውድ ሄይንስ፣ ከመጀመሪያዎቹ አሜሪካውያን የአውቶሞቢል ሠሪዎች አንዱ፣ ተመሳሳይ የክሮሚየም ብረት በራሱ መንገድ አግኝቶ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። ሙግቱ ተራዝሞ በመጨረሻ በስምምነት አለቀ፤ የሁለቱም መብት አሜሪካን ስቴንለስ ስቲል በተባለ አንድ ኩባንያ ውስጥ ተጠቃለለ፤ ሄይንስም ፓተንቱን በ1919 አገኘ። በእንግሊዝም ፈርዝና ብሪርሊ በ1917 ታርቀው በሁለቱም ስም የሚጠራ የጋራ ማኅበር አቋቋሙ። ዕርቁ የገንዘቡን ነገር ቢያበርደውም የብሪርሊን ቅሬታ ፈጽሞ አላጠፋውም።

በዚያን ጊዜ አንደኛው የዓለም ጦርነት እየተካሄደ ስለነበር፣ ብረቱ ለቢላዋ መዋሉ ተገድቦ ለአውሮፕላን ሞተር የጭስ ማውጫ ቫልቭ እንዲውል ተደረገ። ለጠመንጃ አፈሙዝ አልበቃም የተባለው ብረት በሞተር ውስጥ የጋለ ጋዝ ሲመታው ጸንቶ ቆመ። ከጦርነቱ በኋላ በ1920 የብረትና የአረብ ብረት ኢንስቲትዩት የቤሰመርን የወርቅ ሜዳይ ለብሪርሊ ሸለመው። በላቦራቶሪው የተተካው ዊልያም ሃትፊልድ በ1924 ከመቶ 18 ክሮሚየምና 8 ኒኬል ያለበትን ብረት አወጣ፤ ዛሬ ለማብሰያ ዕቃና ለታንክ የሚውለው አብዛኛው የዚህ ዝርያ ነው።

ብሪርሊ በኋለኛው ዘመኑ ስለ አረብ ብረት ሠሪዎች በ1933፣ ስለ ራሱ ሕይወትም በ1941 መጻሕፍት አሳተመ። የሼፊልድ ከተማ በ1939 የክብር ነዋሪነት ሰጠችው። በ1941 ፍሬሽጌት የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ፤ ዓላማውም እርሱ በልጅነቱ ያጣውን ዕድል ሌሎች እንዲያገኙ መርዳት ነበር። በጁላይ 14 ቀን 1948 በደቡብ እንግሊዝ በቶርኪ ከተማ በ77 ዓመቱ አረፈ።

ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሽጉጥ ለገበያ የቀረበው እርሱ ከሞተ ከ17 ዓመት በኋላ ነው። ስሚዝና ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1965 አምስት ጥይት የሚጎርስ፣ የጥይት መያዣው የሚሽከረከር፣ ሞዴል 60 የተባለ ትንሽ ሽጉጥ ከማይዝግ አረብ ብረት ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ሽጉጥ ከልብስ ሥር ተይዞ ላብ ስለሚነካው፣ በጥቁር ቀለም የተሸፈነው የካርቦን ብረት በቶሎ ይዝግ ነበር፤ ስለዚህ ፖሊሶች አዲሱን ፈጥነው ወደዱት። ሠሪዎቹ ግን ከሃምሳ ዓመት በፊት የሼፊልድ አንጥረኞች ያጉረመረሙበትን ችግር በሌላ መልክ አገኙት። ብረቱ በቶርኖና በመሰርሰሪያ ሲቆረጥ ይለጠጣል፤ ሙቀቱን ቶሎ ስለማያስተላልፍ የመቁረጫው አፍ ይቃጠላል፤ አንዳንዱ ዓይነትም መቁረጫው ባለፈበት ገጽ ላይ እየጠነከረ ይሄዳል። ለማቃለል ከመቶ 0.15 ያላነሰ ሰልፈር የተጨመረበትን ዓይነት መጠቀም ተለመደ፤ ሰልፈሩ ብረቱ በአጭር በአጭሩ እየተቆረጠ እንዲረግፍ ያደርጋል፤ ዋጋው ደግሞ ከጥንካሬውና ዝገትን ከመቋቋም ኃይሉ ጥቂት መቀነሱ ነው።

ከሁሉ የከፋው መናከስ ነው። የማይዝግ ቡለንና ዳዶ ያለ ቅባት አጥብቆ መፍታት ያቃተው ባለሙያ ነገሩን ያውቀዋል። ሁለት ተመሳሳይ የማይዝጉ ብረቶች በጫና ሲፋተጉ ያ ቀጭን የክሮሚየም ሽፋን ይገፈፋል፤ እርቃኑን የቀረው ብረት ከእርቃኑ ብረት ጋር ሳይሞቅ ይጣበቃል፤ ሲላቀቅም ሥጋውን ቦጭቆ ይወስዳል። ዝገትን የሚከለክለው ያው ሽፋን ሲጠፋ የብረቱ ድክመት ይገለጣል ማለት ነው። የጥይት መያዣው በሚሽከረከር ሽጉጥ ውስጥ በኃይል የሚንሸራተት ሰፊ ገጽ ስለሌለ ችግሩ ብዙ አልጎላም። በራሱ በሚጎርሰው ሽጉጥ ግን የላይኛው ተንሸራታች አካል በተተኮሰ ቁጥር በታችኛው አካል ሐዲድ ላይ በፍጥነት ይመላለሳል። በ1971 በካሊፎርኒያ መሠራት የጀመረው አውቶማግና በ1977 የወጣው ሃርድቦለር የተባሉት ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ሽጉጦች በዚህ ረገድ ስማቸው ሲነሣ ኖሯል፤ በተለይ ሃርድቦለር ሐዲዱ እየተናከሰ ያስቸግር ነበር።

መላው የተገኘው ለላይኛውና ለታችኛው አካል የተለያየ ቅንብር ያለው ብረት በመምረጥ ወይም አንዱን ከሌላው ይበልጥ በማጠንከር፣ በሐዲዱ መካከል ያለውን ክፍተት ጥቂት በማስፋት፣ ጫና የሚችል ቅባት በማስፈለግና ገጹን በሚገባ በማለስለስ ነው። በጥንካሬ የሚለያዩ ሁለት ብረቶች እንደ ተመሳሳዮቹ በቶሎ አይናከሱምና። ዛሬ የማይዝግ ሽጉጥ ተራ ነገር ሆኗል። ለውድድር የሚሠሩ ጠመንጃዎችም አፈሙዛቸው በብዛት ከመቶ 12 እስከ 14 ክሮሚየም ካለበት አረብ ብረት ይሠራል፤ ይህም ኦገስት 13 ቀን 1913 በሼፊልድ ከቀለጠው የብዙ ርቀት ዘመድ አይደለም። በአፈሙዙ መነሻ ያለው መበላት ግን አሁንም አልቀረም፤ በብዙ የጦር ጠመንጃዎች ውስጥ የሚታገሉት የአፈሙዙን የውስጥ ገጽ በክሮሚየም በመለበጥ ነው።